ማጥፊያው ለምን ይሞቃል?

ኦራሉ ጋራዣችን የገባው ተጎትቶ ነው። የጎተተው ደግሞ ሲኖ ነበር። የኦራሉ ሾፌር ከጋቢናው ሲወርድ ፊቱ አይታይም ነበር። አልፈርድበትም። ኦራል ጭቃ የዋጠውን መኪና ጎትቶ ያወጣል እንጂ ሲጎተት ማየት ለማንም አይጥምም።

ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። የናፍታ መኪና ጠዋት ጠዋት እምቢ ቢል እዚህ ማንም አይገረምም። ይሄኛው ግን በብርድ መማረር አልነበረበትም። በኡራል ተራሮች ሥር፣ ሚያስ በምትባል ከተማ፣ ለሩሲያ ክረምት ተብሎ የተሠራ መኪና ነው። ሞዴሉ 4320 ነው፤ ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሞተሩ ካማዝ 740 ነው፦ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 10.85 ሊትር፣ 210 የፈረስ ጉልበት። ይህን ሁሉ ብረት አዙሮ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ በ24 ቮልት ይሠራል። 24ቱ የሚገኘው ደግሞ እያንዳንዳቸው 190 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው ነው።

መኪናው ድሮ የጦሩ ነበር። አሁን ጀርባው ላይ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ተሸክሞ የአንድ ተቋራጭ ሆኗል። ከአፋር በረሃ ወጥቶ እኛ አካባቢ ሊቆፍር ሲመጣ ነው ነገሩ የጀመረው።

ሾፌሩ ታሪኩን እየተናደደ ነገረኝ። ደብረ ብርሃን ባደረ በመጀመሪያው ጠዋት ሞተሪኖው እያቃሰተ ትንሽ ዞሮ ቆመ። አንድ የሲኖ ሾፌር ደርሶለት ከራሱ ባትሪ ገመድ ዘርግቶ አስነሳለት። «በቃ ባትሪ ነው» ተባለ። ሁለት አዲስ ባትሪ ተገዛ። በማግስቱ ያው ማቃሰት። «እንግዲያው ሞተሪኖ ነው» ተባለ። ሞተሪኖው ተፈቶ አዲስ አበባ ሄደ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ቡሹ ተቀየረ፣ ጥቅልሉ ታየ። ተመልሶ ታሰረ። ያው ነው። ለሞተሪኖው ከረንት የሚያቀብለው ማብሪያ፣ ሪሌውም ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኛ ያመጡት።

«ኢንጂነር፣ አሁን የቀረ ነገር የለም» አለኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ግን ሰው ሲቸግረው ማዕረግ ይሰጣል።

እኔ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት መጠየቅ እወዳለሁ። ሠራተኞቻችን በዚህ ይስቁብኛል፣ «መርማሪ ፖሊስ» ይሉኛል። መኪና ግን ሐኪም ቤት እንደሄደ ሕፃን ነው፤ የት እንዳመመው የሚናገርለት ያመጣው ሰው ነው።

«አፋር እያለ እንዴት ነበር?»

«ምንም! በአንድ ምት ነው የሚነሳው።»

«መንገድ ላይስ?»

«ሸዋ ሮቢት አድሬ ጠዋት ተነሳልኝ። ጣርማ በርን ወጥቼ እዚህ ሳድር ነው ጉዱ የመጣው።»

ይሄ ብዙ ይናገራል። በቆላ ዘይቱ ቀጭን ነው፣ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል። በደጋ ጠዋት ያው ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖው ብዙ ከረንት ይጠይቃል። በመስመሩ ላይ የሆነ ቦታ ደካማ መገጣጠሚያ ካለ፣ ቆላ ላይ ተሸፍኖ ይከርማል፤ ደጋ ላይ ይጋለጣል። ናፍታ ሞተር ደግሞ በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። አየሩ ታምቆ እስኪግል ድረስ በፍጥነት መዞር አለበት። በዝግታ ከዞረ ቀኑን ሙሉ ቢያቃስት አይቀጣጠልም።

«ያ የሲኖ ሾፌር ኔጌቲቩን ገመድ የት ነበር የቆነጠጠው?»

ሾፌሩ ጥያቄው አልገባውም። «ምን ልዩነት አለው? እዚያው ጋ ነዋ።»

«ባትሪው ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?»

እዚህ ጋ ነው ረዳቱ የገባው። የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ ከንግግራችን ውጭ ጎማ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ሞተሩ ላይ ነው። የባትሪው ሳጥን አልከፈት ብሎን ነበር» አለ። ከዚያ እንደፈራ ሰው ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ማጥፊያውም ይሞቃል።»

«አንተ ልጅ፣ ጀመርህ ደግሞ!» ሾፌሩ ተቆጣ። «ስንቴ ነው የምትለው? ያልሞቀ ነገር አለ እንዴ ሞተር ላይ?»

ለማያውቀው፦ ይህ ሞተር ቁልፍ በማዞር አይጠፋም። ጋቢና ውስጥ የሚሳብ እጀታ አለ። እጀታው በብረት ገመድ ከሞተሩ የናፍታ ፓምፕ ጋር ይያያዛል፤ ስትስበው ናፍታው ይቋረጣል። ማጥፊያ የሚሉት እሱን ነው። ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ጠዋት በዚያ ብርድ፣ ይህ ገመድ የሚሞቅበት አንድም ምክንያት የለም። አንድ ምክንያት ብቻ በቀር።

ልጁን ወደ ጋቢናው ይዤው ወጣሁ። «የት ነው የሚሞቀው?» እጀታው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ አሳየኝ። የገመዱ ሽፋን ፕላስቲክ አንድ ጎኑ ቀልጦ እንደ ሻማ እንባ ረግቷል። ሸተትኩት። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ነው።

የቮልት መለኪያ ሜትሬን አወጣሁ። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ፤ 12.6 እና 12.7። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ የ24 ቮልት መኪና ሲመጣላችሁ ድምሩን ብቻ አትለኩ። ሾፌሮቻችን ቴፕና ስልክ ቻርጀር ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይጎትታሉ። ያኛው ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል፣ ድምሩም ደህና ይመስላል። በዚህኛው መኪና ግን ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው።

«አስነሳ» አልኩት ሾፌሩን። ሞተሪኖው አቃሰተ። እሱ ሲያቃስት የባትሪዎቹ ጫፍ ላይ 23.2 ቮልት አነበብኩ። ሞተሪኖው ላይ፣ በፖዘቲቭ ቡሎኑና በራሱ አካል መካከል፣ 14.4 ብቻ። ወደ 9 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የት እንደቀረ ለማወቅ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ለካሁ፤ የቀረው 0.6 ቮልት ብቻ ነው። ጥሩ ነው። ቀሪው በማሳ በኩል ነው።

ማሳ የምንለው ከሞተሪኖው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መንገድ ነው። መካኒኮች ሁሌ ቀዩን ገመድ ይጠራጠራሉ። ጥቁሩን የሚያየው የለም። በወታደር መኪና ላይ ደግሞ ይህ መንገድ ረጅም ነው፦ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አፅም)፣ ከሻንሲ ወደ ባትሪ ማቋረጫው፣ ከማቋረጫው ወደ ባትሪ። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሻንሲው ለካሁ፤ 0.3። ማቋረጫው ንጹሕ ነው። ከሻንሲው እስከ ሞተሩ አካል ለካሁ፤ 7.9።

ከመኪናው ሥር ገባሁ። ሞተሩ በጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ከመዳብ ክር የተጠለፈ ሰፊ ማሰሪያ አለ። አገኘሁት። ከክሮቹ አብዛኞቹ ተበጥሰው እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨባርረዋል። በሻንሲው በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ የታሰረው ቀለም ላይ ነው። መቆፈሪያው ሲጫን ሻንሲው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀቢው ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ መልሶ በቀለሙ ላይ አጥብቆታል። ሥራው ሲታይ ያምራል።

ታዲያ ከረንቱ ምን አደረገ? ሌላ መንገድ ፈለገ። ከሞተሩ በማጥፊያው ገመድ በኩል ወደ ጋቢናው፣ ከጋቢናው ወደ ሻንሲው። 300 አምፔር እንኳ ቢሆን፣ በ7.9 ቮልት ሲባዛ ከ2,300 ዋት በላይ ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት በዚያ ማሰሪያና በቀጫጭን ገመዶች ላይ ነበር የሚያልቀው። ፕላስቲኩ መቅለጡ አይገርምም። የሲኖው ሾፌር ኔጌቲቩን ሞተሩ ላይ ሲቆነጥጥ ደግሞ ሳያውቀው የተበላሸውን ቦታ ዘሎታል። ያን ቀን መኪናውን ያስነሳው የሲኖው ባትሪ ብርታት ሳይሆን ገመዱ የተቆነጠጠበት ቦታ ነበር።

ጥገናው ከምርመራው አጠረ። ሻንሲውን በብረት ብሩሽ ፈግፍጌ ነጭ ብረት አወጣሁ። 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቆርጬ፣ ጫፎቹን ጨምቄ፣ በአዲስ ቡሎንና በጥርስ ቀለበት አሰርኩ። ላዩን ግራሶ ቀባሁት። ሁለተኛ ገመድም ጨመርኩ፣ ከሞተሪኖው ማሰሪያ ቡሎን በቀጥታ ወደ ባትሪ ማቋረጫው። ፋብሪካው አላዘዘም፤ ግን ይህ መኪና ነገ ተመልሶ ደጋ ይወጣል። ማጥፊያ ገመዱንም ቀየርነው።

መኪናውን አውጥተን ሜዳው ላይ አሳደርነው። ጠዋት ውርጩ መስታወቱ ላይ እንዳለ ሾፌሩ ቁልፉን ለረዳቱ ሰጠው። በአፉ ምንም አላለም። ልጁ አስነሳ፤ ሞተሩ ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

እኔ ሜትሩን ይዤ ባትሪው ጋ ነበርኩ። ሾፌሩ መጥቶ በትከሻዬ አየ። ሲነሳ ባትሪው ወደ 20 ወርዶ እንደነበር ስነግረው ደነገጠ። «ትናንት 23 ነበር አላልክም? ባሰበት እኮ!»

«ትናንት ሞተሪኖው የሚፈልገውን አላገኘም፤ ስለዚህ ባትሪው አልተጨነቀም» አልኩት። «ዛሬ ነው በእውነት የሠራው።»

ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው የድሮዎቹ ባትሪዎች ደህና ነበሩ?»

«ሳላያቸው አልልም። አምጣቸውና እንለካቸው።»

ወደ ረዳቱ ዞረ። ልጁ ከመሪው ኋላ እንደተቀመጠ፣ ሞተሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ «ለቆራሌው ሸጣችኋቸዋል እኮ» አለ።