መብራት በሄደበት ሌሊት

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ራውተሩም አብሮ ጠፋ፣ የስልኬ ዳታ ደግሞ ቀድሞ አልቋል። ላፕቶፑ በባትሪ ቆሟል፤ ከሩቅ ያለውን ሰርቨር የማዝበት የኤስኤስኤች መስኮት ግን ድርቅ ብሎ ቀረ። ሰርቨሩ ላይ አንድ ትልቅ ዳታቤዝ ወደ አዲስ ማሽን እየተገለበጠ ነበር። ሻማ አበራሁና እራቴን በላሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ተረጋግቼ መብላት የማይታሰብ ነበር። ያኔም እንደዚሁ እየገለበጥኩ ስድስተኛው ሰዓት ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት፣ ሲዘጋ ሰርቨሩ ሲግሃፕ የሚባል ምልክት በውስጡ ለሚሠሩት ፕሮግራሞች ይልካል፤ አብዛኞቹ ምልክቱ ሲደርሳቸው ያቆማሉ። የእኔም ቆመ። ግማሽ ፋይል ታቅፌ እንደገና ከአንድ ስጀምር እንባዬ መጣ። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከጎኔ ተቀምጦ «እህቴ፣ ሥራውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተይው፣ አንቺ ሂጂና ነይ» አለኝና ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም አሳየኝ።

ቲመክስ የሚኖረው ሰርቨሩ ላይ ነው። ፕሮግራሞቹን የያዘው እሱ ነው፤ የእኔ መስኮት ከውጭ ሆኖ ያያል እንጂ ሥራውን አልተሸከመም። ወጥ ጥዶ ጎረቤት ደርሶ እንደ መመለስ ነው። ኮንትሮልና ቢን ተጭኜ የ% ምልክትን ስነካ ስክሪኑ ግራና ቀኝ ይከፈላል፣ በትእምርተ ጥቅስ ደግሞ ላይና ታች። ትናንት ግራው ላይ ግልበጣው፣ ቀኝ ላይኛው ላይ ሎጉ (የሥራው መዝገብ)፣ ከሥሩ ደግሞ በዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ ነበር። ሦስቱን ባንድ ዓይን ማየት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ በአራት መስኮት መሀል የተንከራተተ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን በችግር ነው የተማርኩት። ቲመክስ ካልነገሩት በቀር ወደኋላ የሚይዘው 2000 መስመር ብቻ ነው። አንዴ የስህተቱ መልእክት ሎጉ ሲጎርፍ አልፎኝ፣ ወደ ላይ ብሄድ ብሄድ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ 50000 አድርጌዋለሁ። ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ከተነሣም ሴሽኑ፣ ማለትም ቲመክስ የያዘው ሥራ፣ አይተርፍም፤ ይህንንም አልዘነጋም።

አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ላይ እስካሁን ስክሪን የሚባለውን፣ እንደ ቲመክስ ያለ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። ቲመክስን ደግሞ ኒኮላስ ማሪዮት የሚባል ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው። ለማንም ክፍት አድርጎ ስለሰጠን፣ በማላውቀው አገር ያለውን ይህን ሰው ሻማዬ አጠገብ ሆኜ ከልቤ አመሰገንኩት።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ፣ ወደተውኩት ሥራ የሚመልሰኝን «ቲመክስ አታች» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ሦስቱም ክፍሎች በነበሩበት አሉ፤ ግልበጣው 81 በመቶ ደርሷል፣ ሎጉ ላይ ስህተት የለም፣ ዲስኩም በቂ ቦታ አለው። ኮንትሮልና ቢ፣ ከዚያ ዲ። ወጣሁና ተኛሁ።