ቱልባሩን ማን ይለካዋል? ጀርባውንስ ማን ይቀባዋል?

የመስኮት ጠርዝ ይዘን ስንጎትት ቱልባር (ከመስኮቱ አናት ያለው የበተኖች ረድፍ) ላይ የሚታየው መዝረክረክ ብዙ መልክ አለው፦ በተኖች ይደራረባሉ፣ በቀኝ በኩል ጥቁር ቦታ ወይም ያረጀ ምስል ይቀራል፣ አልያም ሁሉም ነገር ብልጭ ድርግም ይላል። ምንጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ ያላገኙ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የቱልባሩን ልክ የሚወስነው ማን ነው? ከበተኖቹ ጀርባ ያለውን ቦታ የሚቀባውስ ማን ነው? አንዱ ሥራ ሁለት ባለቤት ሲኖረው ብልጭታ ይመጣል፤ ባለቤት ሲያጣ ደግሞ የድሮው ሥዕል እዚያው ይቀራል።

ቀጥሎ የማስረዳው በሲ ፕላስ ፕላስና በዊን32 (ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች በሚሰጠው የጥሪዎች ስብስብ) በተጻፈ የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያ ላይ ይህን እንዴት እንዳስተካከልኩ ነው። አቀማመጡ የተለመደ ነው፦ ከላይ ቱልባር፣ ቱልባሩ ላይ የዕቃ ምድብ መምረጫ ኮምቦ ቦክስ (ሲጫኑት ዝርዝር የሚዘረጋ ሳጥን)፣ በግራ የምድቦች ዝርዝር፣ በቀኝ የዕቃዎች ሰንጠረዥ፣ ከታች ስታተስ ባር (የሁኔታ መግለጫ መስመር)። የበተኖቹ ጽሑፍ አማርኛ ነው፦ «አዲስ ዕቃ»፣ «አስቀምጥ»፣ «አትም»፣ «ሰርዝ»። ጽሑፉ አማርኛ መሆኑ ልኩ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ እመለስበታለሁ።

ኮዱን ከመንካቴ በፊት፣ በዲባግ ቢልዱ (ለስህተት ፍለጋ በሚሠራው ቅጂ) ብቻ፣ የወላጁን መስኮት (ቱልባሩንና ሌሎቹን «ልጅ» መስኮቶች የያዘውን) የጀርባ ብሩሽ (የመቀቢያ ቀለም) ደማቅ ሐምራዊ አደረግኩት፤ አርጂቢ 255፣ 0፣ 255። ይህ አንድ መስመር ብዙ ግምት ያስቀራል። ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ስትጎትቱ ከበተኖቹ ሥር ሐምራዊ ቆሞ ከታየ፣ ቱልባሩ የራሱ ጀርባ የለውም፣ ጀርባ የሚሰጠው ወላጁ ነው። ሐምራዊው ብልጭ ብሎ ከጠፋ አንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ እየተቀባ ነው። ሐምራዊ ጭራሽ ሳይታይ የቀድሞው ምስል ከተደራረበ ደግሞ ማንም አልቀባም። ጎን ለጎን ከቪዡዋል ስቱዲዮ ጋር በሚመጣው የመስኮት መመርመሪያ፣ ስፓይ ፕላስ ፕላስ፣ የቱልባሩን ስታይሎች (የባሕርይ ምልክቶች) አነበብኩ፤ ኮዱ ላይ የተጻፈውና መስኮቱ በእውን የያዘው ስታይል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከልኩ እንጀምር። ቱልባርዊንዶው32 (የቱልባሩ የመስኮት ክላስ ስም) በነባሪው ራሱን የሚለካ መስኮት ነው። የወላጁን ወርድ ሙሉ ይወስዳል፣ ቁመቱን ከበተኖቹ ያሰላል፣ ከላይ ይለጠፋል። በሙቭዊንዶው (መስኮት በሚያንቀሳቅሰው ጥሪ) ሌላ ልክ ብትሰጡት ችላ ብሎ የራሱን ይይዛል። የፕሮግራሙ ኮድ ግን በደብሊውኤም_ሳይዝ (የመስኮቱ ልክ ሲለወጥ በሚመጣው መልእክት) ውስጥ ሁለቱንም ያደርግ ነበር፤ መጀመሪያ ሙቭዊንዶው በ28 ፒክስል ቁመት፣ ከዚያ ቲቢ_ኦቶሳይዝ (ቱልባሩን «ራስህን ለካ» የሚል መልእክት)። ሥሩ ያሉት መስኮቶች ቦታ የሚሰላው ከ28 ነው፣ ቱልባሩ ደግሞ ሌላ ቁመት ይዟል፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ የበተኖቹን የታችኛ ጠርዝ ይሸፍናል፣ በየጉተታውም ሁለቱ እላይ በላይ ይሳላሉ።

ሁለት አማራጭ አለ፣ መቀላቀል ግን አይቻልም። አንደኛው ለቱልባሩ መተው ነው፦ ቲቢ_ኦቶሳይዝ ብቻ መላክና የያዘውን ቁመት በጌትዊንዶውሬክት ጠይቆ የቀረውን ቦታ ማከፋፈል። ሁለተኛው ልኩን ሙሉ በሙሉ ራስ መውሰድ ነው፤ ሲሲኤስ_ኖሪሳይዝ፣ ሲሲኤስ_ኖፓረንትአላይን እና ሲሲኤስ_ኖዲቫይደር የሚባሉት ስታይሎች አንድ ላይ ይሰጡና ቁመቱ ከቲቢ_ጌትበተንሳይዝ ይሰላል። ይህን ስታይል የሰጠነው ቱልባር ቲቢ_ኦቶሳይዝ ይስተካክልልኛል ብለን ብንጠብቅ አይሆንም። ቱልባሩ አንድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የፎንትም ሆነ የስክሪን ስኬል (የማጉያ መጠን) ለውጥ ሲመጣ የምናስበው ያነሰ ነው። ሁለተኛው ግድ የሚሆነው ቱልባሩ ሪባር (ቱልባሮችን የሚይዝ ማቀፊያ) ውስጥ ሲገባ ነው።

በደብሊውኤም_ሳይዝ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መስኮቱ ወደ ታች ከወረደ፣ ማለትም መልእክቱ ሳይዝ_ሚኒማይዝድ ከሆነ፣ ምንም ሳላደርግ እመለሳለሁ፤ የውስጥ ቦታው 0 በ0 ስለሚሆን የግራና የቀኝ መክፈያው ዜሮ ወርድ መዝግቦ ይቀመጣል፣ መስኮቱ ሲመለስ የግራው ዝርዝር ጠፍቶ ይገኛል። ካልሆነ ለቱልባሩ ቲቢ_ኦቶሳይዝ፣ ለስታተስ ባሩ ደብሊውኤም_ሳይዝ እልካለሁ፣ የሁለቱን ቁመት እጠይቃለሁ፣ ከዚያ የቀሩትን ልጅ መስኮቶች በቢጊንዲፈርዊንዶውፖዝ አንድ ላይ አንቀሳቅሳለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ እያንዳንዱ ዲፈርዊንዶውፖዝ የሚመልሰው ሃንድል (መለያ) ከቀደመው ሊለይ ስለሚችል ቀጣዩ ጥሪ መጠቀም ያለበት አዲሱን ነው። ባዶ ከመለሰ ሥራው ፈርሷል፤ ኢንድዲፈርዊንዶውፖዝን መጥራት አይገባም፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በሴትዊንዶውፖዝ ማንቀሳቀስ ይሻላል። ሁሉም መስኮቶች የአንድ ወላጅ ልጆች መሆን አለባቸው።

ደብሊውኤም_ሳይዝ ውስጥ ከአቀማመጥ ሌላ ሥራ አይገባም። ከዳታቤዝ ማንበብ ወይም የሰንጠረዡን ዓምዶች ከጽሑፋቸው መለካት ወደ ደብሊውኤም_ኤግዚትሳይዝሙቭ (ጉተታው ሲያበቃ ወደሚመጣው መልእክት) ይሄዳል። ነገር ግን መስኮቱ በማክሲማይዝ በተን ሲሰፋ ይህ መልእክት አይመጣም፤ ስለዚህ ሳይዝ_ማክሲማይዝድንና ወደ ነበረበት መመለሱን ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። መጀመሪያ ከወላጁ የመስኮት ክላስ ሲኤስ_ኤችሪድሮውን እና ሲኤስ_ቪሪድሮውን አወጣሁ። እነዚህ ሁለቱ ወርድ ወይም ቁመት በአንድ ፒክስል ሲለወጥ የመስኮቱን ሙሉ ገጽ «እንደገና ይሳል» ያሰኛሉ፤ ከየምሳሌ ኮዱ እየተገለበጡ ስለሚመጡ በብዙ ፕሮግራም ውስጥ አሉ። ቀጥሎ ለወላጁ ደብሊውኤስ_ክሊፕቺልድረን ሰጠሁ፤ ወላጁ በልጆቹ ላይ መቀባት ያቆማል። ብልጭታው በአብዛኛው ጠፋ።

ግን በቀኝ በኩል የበተን ቅሪት ቀረ። ይህን በዝርዝር ማየት ይገባል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰዓት የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ቲቢስታይል_ፍላት ያለው ቱልባር ግልጽ ነው፤ የራሱን ጀርባ አይቀባም። ደብሊውኤም_ኢሬዝባክግራውንድ («ጀርባህን ቀባ» የሚለው መልእክት) ሲደርሰው መልእክቱን የራሱን ዲሲ (የመሳያ ገጽ) አስይዞ ለወላጁ ያስተላልፋል፤ «እዚህ ላይ ያንተን ጀርባ ቀባልኝ» እንደማለት ነው። የወላጁ ኮድ ደግሞ ብልጭታን ለመከላከል ተብሎ ለደብሊውኤም_ኢሬዝባክግራውንድ ሁልጊዜ 1 ይመልስ ነበር። 1 ማለት «ቀብቻለሁ» ነው። ቱልባሩ አመነ፣ በተኖቹን በአሮጌው ምስል ላይ ሳለ። ሐምራዊው ብሩሽ እዚያ ቦታ ላይ ፈጽሞ አለመታየቱ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኢንቫሊዴትሬክት («እንደገና ይሳል» የሚል ጥሪ) እየጨመሩ መሞከር እዚህ አይጠቅምም፤ ደጋግሞ መሳል ያልተቀባ ጀርባን አይቀባም።

መፍትሔው አጭር ነው። በወላጁ ኢሬዝ መልእክት ውስጥ የመጣው ዲሲ የማን እንደሆነ ዊንዶውፍሮምዲሲን እጠይቃለሁ። የወላጁ ከሆነ 1 እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹ ገጹን ሙሉ ይሸፍኑታል። ካልሆነ በጌትክሊፕቦክስ ቦታውን ወስጄ በፊልሬክት ቀብቼ 1 እመልሳለሁ። ድርብ በፈር (መጀመሪያ በሜሞሪ ስሎ ወደ ስክሪን መገልበጥ) ሲኖር የሚመጣው የሜሞሪ ዲሲ ስለሆነ ዊንዶውፍሮምዲሲ ባዶ ይመልሳል፤ «የወላጁ አይደለም» ብሎ መፈተኑ ይህንንም ይሸፍናል። ወላጁን መንካት ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ፦ ለቱልባሩ ቲቢስታይል_ከስተምኢሬዝ ሰጥቶ፣ በኤንኤም_ከስተምድሮው የሲዲዲኤስ_ፕሪኢሬዝ ደረጃ ላይ ራስ ቀብቶ ሲዲአርኤፍ_ስኪፕዲፎልት መመለስ። ቲቢስታይል_ፍላት ራሱ ቱልባሩ ከመታየቱ በፊት መሰጠት አለበት፤ ከታየ በኋላ ሲጨመር የመሳል ችግር ያመጣል። ኮመን ኮንትሮልስ (የዊንዶውስ ዝግጁ ቁሳቁሶች) ቨርዥን 6ን በማኒፌስት (ፕሮግራሙ የሚፈልገውን በሚያሳውቅበት ፋይል) ለሚጠቀም ቲቢስታይል_ኢኤክስ_ደብልበፈር የቀረውን ጥቃቅን ብልጭታ ያስወግዳል፤ ጀርባው ካልተቀባ ግን በፈሩም የሚይዘው ያንኑ ቆሻሻ ነው።

አንዳንዶች በተን ሲጨምሩ ደብሊውኤም_ሴትሪድሮውን (መሳልን የሚያቆምና የሚመልስ መልእክት) ይዘጋሉ፤ ጥሩ ነው። ሲከፍቱት በሪድሮውዊንዶው የጀርባ ማጽጃውንና ልጆቹን ጭምር እንዲሳሉ ማዘዝ ያስፈልጋል። የተደበቀ ቱልባር ላይ መክፈቱ ግን ቱልባሩን የሚታይ ያደርገዋል፤ አስቀድሞ መታየቱን ማረጋገጥ ይገባል።

የአማርኛው ጉዳይ። ሰጎ ዩአይም ሆነ ታሆማ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ሲስተሙ ፊደሎቹን ከሌላ ፎንት ያመጣል፤ ቁመቱ የሚሰላው ከመሠረቱ ፎንት ከሆነ የእነ «ቧ» እግር ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ፎንቱን በግልጽ እሰጣለሁ፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ኢብሪማ፣ በ7 ላይ ኒያላ። ለ9 ነጥብ ፎንት ቁመቱ በ96 ዲፒአይ (በኢንች ያሉ ነጥቦች ብዛት) 12 ፒክስል፣ በ144 ዲፒአይ 18 ፒክስል ነው። የአሠራሩ ተራ፦ ቲቢ_በተንስትራክትሳይዝ፣ ደብሊውኤም_ሴትፎንት፣ የምስል ዝርዝሩ፣ በተኖቹ፣ መጨረሻ ላይ ቲቢ_ኦቶሳይዝ። ቱልባሩ የፎንቱን ቅጂ ስለማይወስድ ፎንቱ ቱልባሩ እስካለ ድረስ መጥፋት የለበትም።

ኮምቦ ቦክሱ የተቀመጠው በሴፓሬተር (በበተኖች መካከል ባለ መለያ ክፍተት) ላይ ነው። የሴፓሬተሩ ወርድ የሚሰጠው በምስል ቁጥሩ መስክ፣ በፒክስል ነው። ከእያንዳንዱ ቲቢ_ኦቶሳይዝ በኋላ ቦታውን ከቲቢ_ጌትአይተምሬክት ጠይቄ ኮምቦውን ወደዚያ አንቀሳቅሳለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀመጥ ፎንት ወይም ስኬል ሲቀየር «አትም» ላይ ይወጣል። ለኮምቦ የሚሰጠው ቁመት የሚዘረጋውን ዝርዝር ይጨምራል፤ መሃል ላይ ለማዋል የተዘጋውን ቁመት ከጌትዊንዶውሬክት መውሰድ ነው። ለቱልባሩም ደብሊውኤስ_ክሊፕቺልድረን ካልተሰጠ ኮምቦው ለብቻው ብልጭ ይላል።

ስኬል ሲቀየር፣ ለምሳሌ መስኮቱ ከ100 ፐርሰንት ስክሪን ወደ 150 ፐርሰንት ሲጎተት፣ ደብሊውኤም_ዲፒአይቼንጅድ ይመጣል፤ ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ ያለ መልእክት ነው፣ ለሚደርሰው ግን ፕሮግራሙ በየስክሪኑ እንደሚለካ በማኒፌስት ማሳወቅ አለበት። 16 ፒክስል የነበረው ምስል በ125 ፐርሰንት 20፣ በ150 24፣ በ200 32 ይሆናል። መጀመሪያ ፎንቱንና የምስል ዝርዝሩን በአዲሱ ልክ እሠራለሁ፣ በቲቢ_ሴትበተንሳይዝ አዲሱን ልክ በግልጽ እልካለሁ፤ መስኮቱን መልእክቱ ወዳመጣው አራት ማዕዘን የማንቀሳቅሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሴትዊንዶውፖዝ ደብሊውኤም_ሳይዝን ስለሚያስነሳ፣ በዚህ ተራ አቀማመጡ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰላል፤ ቢገላበጥ በአሮጌ በተኖች አንድ ጊዜ ተስሎ እንደገና ይሳላል፣ ዓይንም ያየዋል። የቀድሞውን የምስል ዝርዝር ቱልባሩ አያጠፋም፤ ቲቢ_ሴትኢሜጅሊስት የሚመልሰውን ይዞ ራስ ማጥፋት ነው።

ስለ ፍተሻ አንድ ነገር። ድሮ ሌላ መስኮት በላዩ እየጎተትን የመሳል ስህተት እንፈልግ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የዴስክቶፕ ኮምፖዚሽን ስለማይጠፋ እያንዳንዱ መስኮት ምስሉን ለብቻው ይዟል፤ በላዩ ሌላ ነገር ቢያልፍ ደብሊውኤም_ፔይንት («ራስህን ሳል» የሚለው መልእክት) አይመጣም፣ ስህተቱም አይታይም። እኔ የምፈትነው ከግራ ጠርዝ በመጎተት፣ በማክሲማይዝና በመመለስ፣ መስኮቱን ሁለት የተለያየ ስኬል ባላቸው ስክሪኖች መካከል በማመላለስ፣ ቴምን ወደ ሃይ ኮንትራስት በመቀየር ነው። የግራው ጠርዝ ከቀኙ የበለጠ ያጋልጣል፤ መስኮቱ ቦታም ልክም በአንዴ ስለሚቀይር ሲስተሙ የድሮውን ምስል ቀድሞ ይገለብጣል፣ ከዚያ ልጆቹ ይከተላሉ። በዚያ መካከል የሚንቀጠቀጥ ልጅ መስኮት ካለ ለእሱ ብቻ ኤስደብሊውፒ_ኖኮፒቢትስ («የድሮው ምስል አይገልበጥ» የሚል ምልክት) መጨመር ነው፤ ለሁሉም ከተሰጠ ሙሉ ገጹ በየፒክስሉ እንደገና ይሳላል።