ክሪስታሉን የጎዳው ብርዱ ነው ወይስ እጄ?

ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላ ጠብታው ውስጥ ያገኘኋቸው የፕሮቲን ክሪስታሎች ስስ ቅጠል የመሰሉ፣ ውፍረታቸውም ከፀጉር የማይበልጥ ነበሩ። የመጀመሪያውን፣ እኛ ሉፕ በምንላት የናይሎን ቀለበት አንስቼ ግሊሰሮል (ውኃ በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከል ወፍራም ፈሳሽ) ባለበት ፈሳሽ ስነክረው፣ በማይክሮስኮፑ እያየሁት ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ባይሰነጠቅም፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ኤክስሬይ ሲያርፍበት፣ ምስሉ ላይ ጠርተው መታየት የነበረባቸውና የፕሮቲኑን ቅርጽ የምናሰላባቸው ነጥቦች ተጎትተው ጭረት ሆኑ። ያን ቀን ጥፋቱን ሁሉ በናይትሮጅኑ ላይ አላከክሁ።

የፕሮቲን ክሪስታል እንደ ጨው ክሪስታል ደረቅና ጠንካራ አይደለም። በአማካይ ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹ የተያያዙት በጥቂት ቦታ በመነካካት ብቻ ስለሆነ፣ በመርፌ ጫፍ ሲነኩት እንደ አይብ ይፈረፈራል። ሳይንቲስቶቹ ጆን በርናልና ዶሮቲ ክሮውፉት እ.ኤ.አ. በ1934 ካምብሪጅ ውስጥ ፔፕሲን ከተባለው የጨጓራ ፕሮቲን ክሪስታል ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት የበቁትም፣ እንዳይደርቅ ካደገበት ፈሳሽ ጋር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ስላሸጉት ነበር።

የምናቀዘቅዘው ጨረሩ ራሱ ክሪስታሉን ስለሚያበላሽ ነው። በ100 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጨረሩ የሚፈጥራቸው ነፃ ራዲካሎች፣ ማለትም ያገኙትን የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች፣ እንደልባቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ጉዳቱ በእጅጉ ይዘገያል። በኋላ በ2009 የኖቤል ሽልማት የተጋራችው አዳ ዮናት፣ የሪቦዞም (በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው አካል) ክሪስታሎቿ በጨረሩ ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ባስቸገሯት ጊዜ፣ በ1980ዎቹ ከሃኮን ሆፕና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር የተሻገረችው በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋል፣ ክሪስታሉንም ከውስጥ ያፈርሰዋል፤ ምስሉ ላይም በ3.9፣ በ3.7 እና በ3.4 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ የበረዶ ቀለበቶች ይወጣሉ። ግሊሰሮል የሚጨመረው ውኃው በረዶ ሳይሠራ እንደ መስታወት እንዲጠነክር ነው።

የእኔ ስህተት ፈሳሹን ያዘጋጀሁበት መንገድ ነበር። ክሪስታሉ ካደገበት ፈሳሽ አራት እጅ ወስጄ አንድ እጅ ግሊሰሮል ስጨምርበት፣ ጨዉም፣ አሲድነቱን የሚያረጋጋው ባፈሩም፣ ፕሮቲኑን ከፈሳሹ ገፍቶ ክሪስታል የሚያደርገው ፖሊኢትሊን ግላይኮሉም በአንድ ጊዜ በአንድ አምስተኛ ቀጠኑ፤ ክሪስታሉን ጠጣር አድርጎ የያዘውን ሁኔታ በገዛ እጄ አፈረስሁት ማለት ነው። ትክክለኛው ከወፍራሞቹ መነሻ ፈሳሾች ተነስቶ፣ የሌላው ሁሉ መጠን ሳይቀንስ ግሊሰሮሉ የውኃውን ቦታ ብቻ እንዲይዝ አድርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ ክሪስታል ከማባከን በፊት ፈሳሹን ብቻውን በሉፕ ይዞ ማቀዝቀዝ ይገባል፦ ጥርት ብሎ ከቀረ ይበቃል፣ ከነጣ ግሊሰሮሉ አንሷል።

ጥፋተኛውን ለመለየት የረዳኝ ግን ሳያቀዘቅዙ መሞከር ነው፤ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ አለማድረጌ እስካሁን ያናድደኛል። አንዱን ክሪስታል እንዳይደርቅ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኜ በክፍሉ ሙቀት ጨረር ሳሳርፍበት ነጥቦቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። ሌላውን በዚያው በቀጠነው ፈሳሽ ነክሬ፣ ናይትሮጅን ሳላስነካው ስሞክረው፣ ያው ጭረት ተመልሶ መጣ።

እርግጥ ናይትሮጅኑም ሙሉ በሙሉ ከጥፋት ነፃ አይደለም። ከፈሳሹ በላይ የሚንሳፈፈው ቀዝቃዛ ጋዝ ክሪስታሉን ፈሳሹ ላይ ሳይደርስ በዝግታ ማቀዝቀዝ ስለሚጀምር፣ ጋዙን በደረቅ ናይትሮጅን ገፍቶ ሉፑን ሳያመነቱ መድፈቅ ይሻላል።

አሁን የቀሩኝ ሦስት ክሪስታሎች ናቸው። አንደኛው እንደ አዲስ በተዘጋጀው ፈሳሽ፣ 5 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠርዙ እስካሁን ስለታም ነው፣ ስንጥቅም አይታይበትም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ 10 በመቶው አሻግረዋለሁ።