ያለ ስኳር የዝንጅብል ለስላሳ፣ በአምቦ ውሃ

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ 9 የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ፋብሪካዎች «ዜሮ» ወይም «ዳይት» የሚሉት ስኳሩን ያስቀራል፣ ጣፋጭነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ምላስም የለመደውን ሲፈልግ ይኖራል። ለስላሳን ቤት መሥራት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የጣፋጩን ልክ ወሳኙ ሠሪው ስለሆነ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ መሄድ ይችላል።

መጀመሪያ ጭማቂው። 100 ግራም እርጥብ ዝንጅብል በደንብ ታጥቦ ከነልጣጩ ይፈቅፈቅና ከ3 ፍሬ የተሰበረ ኮረሪማ ጋር በ600 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጣዳል። አንዴ ከፈላ እሳቱ ይቀነስና 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ወርዶ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ 100 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና ቆንጠር ያለ ጨው ይገባበታል፤ 500 ሚሊ ሊትር ካልሞላም ውሃ ይጨመርለታል። ሎሚው በትኩሱ ከገባ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል። ጨው ደግሞ በስኳር ፈንታ የሚገቡ ማጣፈጫዎች አፍ ውስጥ የሚተዉትን ምሬት ያለዝባል፤ የጨው ጣዕም እስኪሰማ ድረስ ግን መብዛት የለበትም። ለአንድ ብርጭቆ 40 ሚሊ ሊትር ጭማቂና 200 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ ይበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጣፈጫው ልክ ነው። በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠው ሱክራሎዝ የተባለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ አብዛኛው ክብደቱ መሙያ ነው። 1 ግራም በምትመዝነው ፓኬት ውስጥ ሱክራሎዙ 12 ሚሊ ግራም ብቻ ሲሆን የ2 ሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ያጣፍጣል። የፋብሪካውን ጣፋጭነት ለሚፈልግ ለአንድ ብርጭቆ 3 ፓኬት ያስፈልጋል፤ እኔ የምመክረው በ2 ጀምሮ ወደ 1 መውረድን ነው። ንጹሑን የሱክራሎዝ ዱቄት የገዛ ሰው በማንኪያ ጫፍ ልለካ ቢል አይሆንለትም፤ ከስኳር 600 እጥፍ ስለሚያጣፍጥ የወጥ ቤት ሚዛን ለአንድ ብርጭቆ የሚሆነውን አያነብም። መላው ቀላል ነው። 1 ግራም ዱቄት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ማሟሟት፣ ከዚያም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መለካት። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የ6 ግራም ስኳር ጣፋጭነት ይሰጣል። አስፓርታም የተባለውን ሌላ ማጣፈጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ እሳት ላይ እንዳይጨምረው፤ ሙቀት ይሰብረውና ጣፋጭነቱን ያጣል።

ለጋዙ አምቦ ውሃን የሚያህል ቅርብ ነገር የለንም። ነገር ግን ባይካርቦኔት ስላለበት የሎሚ አሲድ ሲነካው ይገነፍላል። ጭማቂውን በጠርሙሱ አፍ የሚያፈስ ሰው ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል። ሁለቱም በደንብ ይቀዝቅዙ፤ ጭማቂው ብርጭቆው ውስጥ ይቅደም፣ አምቦው ብርጭቆው ዘንበል ብሎ በጎኑ ቀስ እያለ ይውረድ። ባይካርቦኔቱ የሎሚውን ኮምጣጣነት ከፊሉን ስለሚበላው ትንሽ ሎሚ መጨመር ሳያስፈልግ አይቀርም። ሶዳ ማሽን ያለው ሰው ውሃውን ብቻ በጋዝ ይሙላ፤ ጭማቂ ያለበት ፈሳሽ አረፋው ወደ ማሽኑ አፍ ወጥቶ ይደፍነዋል። ውሃው ከ0 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ጋዝ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ፣ ለብ ያለ ውሃ ምንም ቢሞላ ቶሎ ይሞታል።

ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ መቀላቀልን አልመክርም። 1 ሊትር ውሃ መጠነኛ ጋዝ እንዲይዝ 7.5 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል፤ በዚያ ውስጥ 2 ግራም ሶዲየም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከዚህ አይለፍ ያለው መጠን ይኸው ነው። ደም ግፊት ላለበት ሰው ስኳርን ሸሽቶ ጨው ላይ መውደቅ ነው።

ጋዙን በእርሾ ለሚሠራ ለ1 ሊትር 10 ግራም ስኳርና ቁንጥር እርሾ ይበቃል። እርሾ ሱክራሎዝን መብላት ስለማይችል ጣፋጩ ይቀራል፣ ጋዙም በስኳሩ ልክ ይቆማል። እዚህ ላይ ግን ፓኬቱን መጠቀም አደጋ አለው፤ መሙያው ውስጥ ግሉኮስ ስላለ እርሾው እሱንም ይበላና ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይሄዳል። ንጹሑን ዱቄት ያሟሟችሁበትን ተጠቀሙ። የመስታወት ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል፣ የውሃ ፕላስቲክም ስስ ነው፤ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን። ሲጨበጥ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ወደ ፍሪጅ ይግባ። 0.6 በመቶ ገደማ አልኮል ስለሚኖረው አልኮል ለማይቀምስ ሰው አይሆንም።

ወደ ጤናው እንምጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርታምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ ሲያስገባው ብዙ ሰው ደነገጠ። በዚያው ቀን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚገመግመው ኮሚቴ የቀን ገደቡን በኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ላይ እንዳለ አጽንቶታል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት አለበት። ለእኔ የበለጠ ክብደት ያለው ከዚያ በፊት በግንቦት የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው፦ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ በእነዚህ ማጣፈጫዎች አትመኩ ይላል። ለረጅም ጊዜ በተደረጉ ክትትሎች አዘውታሪዎቹ ዘንድ ዓይነት 2 የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በዝቶ ታይቷል። ምክንያቱ ማጣፈጫው ነው ለማለት ግን ይቸግራል፤ ቀድሞውኑ ክብደት የጨመሩና የሰጉ ሰዎች ናቸው ወደ ዳይት የሚዞሩት። ምክሩ ስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም።

እስራኤል ውስጥ 120 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ሙከራ ሳካሪን የተባለው ማጣፈጫና ሱክራሎዝ የደም ስኳር ምላሽን ከፍ እንዳደረጉ አሳይቷል፤ ውጤቱ ግን ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል። ስለዚህ መለኪያ ያለው ሰው ያንኑ ምግብ አንድ ቀን በተራ ውሃ፣ ሌላ ቀን በዚህ ለስላሳ በልቶ ከ2 ሰዓት በኋላ ቢለካ ስለ ራሱ ፍንጭ ያገኛል። አስፓርታም ፊኒልኬቶኑሪያ (ሰውነት ፊኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል መሰባበር የማይችልበት፣ በዘር የሚመጣ ሕመም) ላለበት ሰው ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጥርስን በተመለከተ ስኳር መቅረቱ ግማሽ እፎይታ ነው፤ የሎሚው አሲድ አለና ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል አይገባም፣ ከጠጡ በኋላም ጥርስ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ጠርሙሱ ላይ «ስኳር የለውም» ብሎ በጉልህ መጻፍ ግድ ነው። የደሙ ስኳር ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ይህ መጠጥ አንዳች አያደርግለትም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው 15 ግራም እውነተኛ ስኳር ነው፤ 150 ሚሊ ሊትር መደበኛ ኮላ ወይም ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግሞ ይለካ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት ነው።