ከገፈርሳ እስከ አዲስ ዓለም፦ ከተማዋ ያልጨረሰችው ደን

የአዲስ አበባ ሰው አየር መለወጥ ሲያምረው መኪናውን ወደ ደብረ ዘይት ያዞራል፤ ጊዜ ያለው ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይዘልቃል። እኔና ባለቤቴ የአምቦን መንገድ መረጥን። እሱ ወፍ ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ዛፍ፤ ሁለቱም ከአስኮ ብዙ ሳይርቁ ይገኛሉ።

ቡራዩ በመኪና ሳትጨናነቅ ለማለፍ ገና ሳይነጋ ወጣን። ገፈርሳ ስንደርስ ግድቡ ላይ ጉም ተኝቶበት ነበር። ውኃው ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ነው፤ ዳርቻው ግን የወፎች ነው። ባለቤቴ መነጽሩን አቀበለኝና «ያቺን ግራጫዋን እያት» አለኝ። ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ነበረች። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አትገኝም። አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ ጥላ በእርጥቡ ሣር ላይ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ክንፏን እስክትዘረጋ ድረስ ሰማያዊው አይታይም፤ ስትነሳ ግን ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ ቀለም ቦግ ብሎ ወጣ። በየሳምንቱ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ስንት ሰው ይሆን አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ ያላያት?

ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈን ወደ ሱባ የሚወስደውን ኮረኮንች ያዝን። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ባለቤቴ ግን እየነዳም ዓይኑ ከዛፍ ዛፍ ይዘል ነበር። የመናገሻ ሱባ ደን ያረፈው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አስታ ነው። አንዱን ጽድ ሁለት ሆነን ልናቅፈው ሞክረን እጃችን አልተገናኘም።

የዚህ ደን ታሪክ ወደ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ይወስዳል። ከ1434 እስከ 1468 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት ንጉሥ፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል ይባላል። ዛፍ ቆርጦ መሸጥ በቀለለበት አገር፣ የልጅ ልጆቹ እንኳ ጥላው ሥር የማይቀመጡበትን ዛፍ የሚያስተክል ንጉሥ መኖሩን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

በር ላይ የተቀበሉን አረጋዊ የደን ጠባቂ ከፊት ከፊት እየመሩን «ልጆቼ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ጧት ጧት ፀሐይ ሊሞቁ ጫፍ ላይ ይወጣሉ» አሉን። ብዙም ሳንርቅ እጃቸውን ወደ አንድ ዝግባ ዘረጉ። ጉሬዛዎች! ጥቁሩ ገላቸው ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚወርደው ረጅም ነጭ ፀጉር ካባ የደረቡ ያስመስላቸዋል። ጭራቸው ቁልቁል ተንጠልጥሏል። አንዷ ቅጠል እየቀነጠሰች ታኝካለች። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፉን በአራቱ ጣቶቹ ጎትቶ ነው የሚይዘው። ሆዱም በክፍል በክፍል የተሠራ ስለሆነ ሌላ ዝንጀሮ የማይደፍረውን ጠጣር ቅጠል ይፈጨዋል።

«አየሽው?» አለኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ።

«ነጩን ነው?»

ሁሉ ነገሩ ነጭ የሆነ ግልገል የእናቱን ደረት አንቆ ይዟል። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ከተወሰኑ ወራት በኋላ ነው። ሌላ እንስት ተጠግታ ግልገሉን ከእናቱ እጅ ተቀበለችና ታሻሸው ጀመር፤ እናቲቱም ዝም ብላ ቅጠሏን በላች። የጉሬዛ ቆዳ በጋሻና በለምድ ላይ ስንት ዘመን እንዳጌጠ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1800ዎቹ ማብቂያ ወዲህም ለአውሮፓ ፋሽን እየተባለ በብዛት እንደተላከ ሳስብ፣ የዚያ ቆዳ ባለቤት እንዲህ በሰላም ቁርሱን ሲበላ ማየት አስደሰተኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦው ውስጥ የምኒልክ ድኩላ ቀንዱን አሳይቶን ተሰወረ። ሆለታ ገብተን ጨጨብሳ በልተን አደርን።

በማግስቱ አስቀድመን ቀጠሮ ወደ ያዝንበት ወደ እንሰሳ ኮቴ ሄድን። ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ያቋቋመው ማዕከል ነው፤ ከሕገ ወጥ ነጋዴና ከግለሰብ እጅ የተያዙ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎችና ሌሎችም እዚህ ይጠለላሉ። አስጎብኚው ስለ ዶሎ ነገረን። ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ስለኖረ ጋማው ሳይቀር የተመለጠ አንበሳ ነበር። አቦ ሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ካልቆየ አደን አይማርም፤ ስለዚህ ከእናቱ የተነጠቀው ወደ ዱር ቢመለስ በረሃብ ይሞታል። ግልገሎቹን በምሥራቁ ድንበር አሻግሮ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቅንጦት የሚሸጠው ሰው የዱር ሕይወታቸውን ለዘለዓለም ነው የሚነጥቃቸው። በሽቦው ማዶ ሣሩ ላይ የተጋደመችውን አቦ ሸማኔ ሳይ፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አፏ የሚወርዱት ጥቁር መስመሮች ይታዩኝ ነበር። ዝም አልን። ወደ መኪናው ስንመለስ ነው ባለቤቴ «የሚገዛ ባይኖር የሚሸጥ አይኖርም ነበር» ያለው።

አዲስ ዓለም የሄድነው በእኔ ግፊት ነው። አጼ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ አንዱ ምክንያት አዲስ አበባ የማገዶ እንጨቷን ጨርሳ መቸገሯ ነው። ባሕር ዛፍ መጥቶ በፍጥነት ሲያድግ ሐሳቡ ተለወጠ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ቆመን ተከራከርን። እሱ ባሕር ዛፍ ሥር ወፍ እንደማይበዛ ይናገራል፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ያ ዛፍ ባይመጣ የሱባ ጽድም ምድጃ ይገባ ነበር ባይ ነኝ። እስከ ቡራዩ ድረስ አልተስማማንም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ ክረምት ላይ ደግሞ የሱባ መንገድ ስለሚጨቀይ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። ምሳችሁን ቋጥሩ፣ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ጫካ ውስጥ አትጣሉ። ጉሬዛ ማየት የፈለገ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ደኑ ውስጥ ይገኝ፤ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ቅጠል ውስጥ ገብተው ያርፋሉ።