ከአሥር ሰዓት በኋላ ቡና ትቻለሁ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሄርማታ ገበያ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆምኩ። ላስቲክ ላይ ዘርግቷቸዋል፤ ግማሾቹ ሽፋናቸው በፕላስተር የተጠገነ። «ወንድሜ፣ ሕይወት የሚቀይር ነው የምትፈልገው?» አለኝ። የማይቀይርም አለህ ማለት ነው?

ስለ አመራርና ስለ ሥራ የሚያወሩትን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። የስቲቨን ኮቬይን ሰባቱ ልማዶች (1989 እ.ኤ.አ.) ተማሪ እያለሁ አንብቤዋለሁ፤ «መጨረሻውን አስበህ ጀምር» የምትለዋ ሲቪ ስጽፍ ጠቅማኛለች፣ ሌላውን ረስቼዋለሁ። አመራርማ እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ቤተ መንግሥት አለልን። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉት የማንን መጽሐፍ አንብበው ነው?

የገዛሁት የማቲው ዎከርን የእንቅልፍ መጽሐፍ ነው፣ የ2017ቱን። ባጃጅ ውስጥ ከፈት ሳደርገው ስለ ካፌይን የሚያወራው ገጽ ወጣ፦ ከጠጣኸው ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ሰውነትህ ውስጥ አለ። ለጅማ ሰው ይሄ ይነገራል?

ቤት ስገባ ቄጠማው ተነስንሷል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው። «እማ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቡና ትቻለሁ» አልኳት። ማራገቢያዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«አሞሃል እንዴ ልጄ?»

አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውንም። በረካው ሲደርስ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ፍሙን አራገበችበት።

አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ምዕራፍ አራት ደርሻለሁ።