ሳጥኑን አልከፈተችውም

ትናንት ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ነበር። ደሴ በክረምት እንደምታውቋት ናት፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፋችን ላይ ተኝቷል። እማዬ ቡና አፍልታ፣ እኔና የ12ኛ ክፍል ተማሪ እህቴ በሻማ የፈረንሳዊውን ደራሲ የጊ ደ ሞፓሳንን አጭር ልብወለድ «የአንገት ሀብል» ስናነብ አመሸን።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማቲልድ የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ለግብዣ ብላ ከሀብታም ጓደኛዋ የአልማዝ ሀብል ትዋሳለች። ይጠፋባታል። ባልና ሚስቱ ተመሳሳዩን በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሱና፣ ግማሹ ከባልየው ውርስ ግማሹ ከአበዳሪ ስለነበር፣ ዕዳው 10 ዓመት ያንገላታቸዋል። መጨረሻ ላይ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ ጉዱን ስትነግራት፣ የጠፋው ሀብል ለካ እውነተኛ አልነበረም።

ትናንት የገረመኝ ግን መጨረሻው አይደለም። እህቴ ድንገት «ቆይ፣ ይሄ እኮ ቀድሞ ተነግሮናል» ብላ ወደ ኋላ መገልበጥ ጀመረች። እውነቷን ነው። ባልና ሚስቱ ሳጥኑ ላይ ስሙ የተጻፈው ጌጣጌጥ ሻጭ ዘንድ ሲሄዱ፣ ሰውየው መዝገቡን አይቶ ሀብሉን እኔ አልሸጥኩም፣ ሳጥኑን ብቻ ነው የሰጠሁት ይላቸዋል። ሳጥኑ ሌላ፣ ሀብሉ ሌላ! ስንት ጊዜ አንብቤው በዚች አረፍተ ነገር ላይ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። አዲሱን ሀብል ስትመልስላትም ጓደኛዋ ሳጥኑን አልከፈተችውም። መጀመሪያ ስታነቡት እፎይ ትላላችሁ፣ ማቲልድ ሳትያዝ አመለጠች ብላችሁ። መጨረሻውን አውቃችሁ ስትመለሱበት ግን ያው አረፍተ ነገር አንጀት ይበላል። ከፍታ ብታየው ኖሮ 10 ዓመቱ ይቀር ነበር። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው በአንድ ቃል ውስጥ ነው፤ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው በዚህ ታሪክ ግን በአንድ ድርጊት ውስጥ ነው ያስቀመጠው።

ከዚያ ለእማዬ ወደ አማርኛ እየመለስን ማንበብ ጀመርን። እዚህ ጋ ነው ያመሸነው። ሁለቱ ሴቶች ከ10 ዓመት በኋላ ሲገናኙ ጓደኛዋ ማቲልድን አላወቀቻትም። በእጃችን ያለው እንግሊዝኛ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት «ዩ» ነው። በአማርኛ ግን መወሰን አለብን። «ተሳስተው ይሆናል» ወይስ «ተሳስተሽ ይሆናል»? ተከራከርን። እህቴ ድካም ያስረጃት፣ የማታውቃት ሴት ስለሆነች አንቱ ትበላት አለች። ልክ ነበረች፤ ፈረንሳይኛውም መጀመሪያ አንቱ ብሎ፣ ስታውቃት ነው ወደ አንቺ የሚመለሰው። «ተሳስተው ይሆናል» ካለች በኋላ «ውይ ማቲልድዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተለወጥሽው!» ስትል ሰማናት። ያ 10 ዓመት በሁለቱ ቃላት መካከል አለ።

የመጨረሻዋ ቃል ደግሞ ሌላ ፈተና። እኔ «ሐሰተኛ» ብዬ ነበር፤ እህቴ ሐሰተኛ ለሰነድ ነው አለችኝ። ሰርግ ሲደርስ ሀብል የሚዋዋሱ ሴቶች የሚሉት ሌላ ነው። «የኔ እኮ አርቴፊሻል ነበር! ቢበዛ 500 ፍራንክ ቢያወጣ ነው!» ብላ ጮክ ብላ አነበበችው። እማዬ የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች። 500 የሚለው ቁጥር መጨረሻ ላይ የመጣው ለዚህ ነው፤ 36,000ው ገና ጆሯችን ላይ አለ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ቁርስ እያቀረበች «ያቺ ሴትዮ ትርፉን መለሰችላት?» አለችኝ።

ደራሲው እዚያው ላይ እንዳቆመው ነገርኳት።

«አይሆንም» አለች፣ «ሀብሉ እኮ እጇ ላይ ነው። መመለስ አለባት።»